ሰናፍጭ አፍንጫ ሲወጋ ሴላችን ምን ይሰማል?

ባለፈው ሁዳዴ ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ነበርኩ። ምሳ ላይ ስልጆ ቀረበ። እንጀራዬን ጠቅለል አድርጌ በደንብ አጠቀስኩና ጎረስኩ። ጥፋቴ እሱ ነው። ሰናፍጩ በአፍንጫዬ ወጥቶ አናቴ ላይ ደረሰ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አክስቴ ከት ብላ ሳቀች። «ቀስ አትልም ታዲያ! ገና ሦስት ቀኑ እኮ ነው» አለችኝ።

እንባዬን ጠርጌ ሳልጨርስ ከማድቤቱ በኩል የኩበት ጭስ ገባ። ሁለተኛ ዙር እንባ።

አጠገቤ የተቀመጠው የአክስቴ ልጅ ይሄኔ ከጃኬቱ ኪስ አንድ ብልቃጥ አወጣ። ቴሌግራም ላይ አይቶ ያዘዘው ነው። ላዩ ላይ «አንቲኦክሲዳንት» ይላል። በቀን ሁለት ፍሬ ይውጣል። «ይሄ ጭስ ሳንባችንን ኦክሲዳይዝ እያደረገው ነው፤ ይሄ ደግሞ ያጠፋዋል» አለኝ፣ የእሳት አደጋ መኪና እንደገዛ ሰው ኮራ ብሎ። ዋጋውን ሲነግረኝ ኩራቱ ገባኝ።

ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ሙሉ ለሙሉ ውሸት አይደለም። ግን ታሪኩን ከመሃል ነው የሚጀምረው። ኦክሲዳንት (ኦክሲጅን ብረትን እንደሚያዝገው የነካውን ነገር የሚለውጥ ሞለኪውል) ጠላት፣ አንቲኦክሲዳንት ወታደር፣ ወታደር በበዛ ቁጥር ሰላም ይበዛል ዓይነት ነገር ነው። ሴላችን ግን ኦክሲዳንትን ይፈራዋልም፣ ያዳምጠዋልም። የሚያዳምጥበት ጆሮ ያለው ፕሮቲኖቹ ላይ ነው። ይህን ሳያውቁ ብልቃጡን መክፈት ምን ሊያመጣ እንደሚችል ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ታይቷል። እሱ ላይ እንደርሳለን። መጀመሪያ ሰናፍጩ።

ደረቁን የሰናፍጭ ፍሬ አፋችሁ ውስጥ ብትጥሉት መጀመሪያ ላይ ዝም ነው። ሲደቆስና ውሃ ሲነካው ነው የሚነሳው። ፍሬው ውስጥ ሲኒግሪን የሚባል ውህድ አለ፤ ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይምም (ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያፋጥን ፕሮቲን) አለ፤ ሁለቱ ግን ተለያይተው ነው የሚኖሩት። ሙቀጫው ሲያገናኛቸው አሊል አይሶታዮሳይኔት የሚባል ተናካሽ ነገር ይፈጠራል። (ስሙን ለመያዝ አትድከሙ፣ እኔም ሦስት ጊዜ አርሜ ነው የጻፍኩት።) ተክሉ ይህን የሚያደርገው ለኛ ስልጆ አስቦ አይደለም፤ ተባይ እንዳይበላው ነው።

አፍንጫና ዓይናችን ውስጥ ያሉት የነርቭ ጫፎች ላይ ቲአርፒኤ1 የሚባል ፕሮቲን አለ። በር ነው። በሩ ላይ ሲስቴይን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ጡቦች) ተደርድረዋል። ሲስቴይን ጫፉ ላይ ሰልፈር ይዟል፤ ሰልፈር ደግሞ የሚያልፍ የሚያገድመውን ሁሉ መያዝ የሚወድ ነገር ነው። የሰናፍጩ ሞለኪውል እዚያ ሰልፈር ላይ ልጥፍ ይላል፣ በሩ ይከፈታል፣ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፣ ነርቩም «ተቃጠልኩ» ብሎ ይጮሃል። ጭስ ውስጥ ያለው አክሮሊን የሚባል ነገርም የሚለጠፈው እዚያው በር ላይ ነው። አክስቴ ቤት ሁለት ጊዜ ያለቀስኩት እንግዲህ በአንድ ምክንያት ነው ማለት ነው። ሰናፍጩም ጭሱም ያንኳኩት አንድ በር ነው።

ይህች «ልጥፍ» ናት የዛሬው ጉዳያችን። ፌስቡክ ላይ የሚለጠፈውን ማለቴ አይደለም።

ትምህርት ቤት የተማርነው ጂን ፕሮቲን ይሠራል፣ ፕሮቲን ሥራ ይሠራል የሚለውን ነው። ልክ ነው፣ ግን ፕሮቲን ከተሠራ በኋላ ያለው ሕይወት ተዘሏል። ሴሉ የሠራው ፕሮቲን ላይ ጥቃቅን ነገሮች ይለጥፋል፣ ይነቅላል፣ እንደገና ይለጥፋል። አንዱ ልጥፍ ፎስፌት ነው፣ ሌላው አሴቲል ነው፣ ሌላው ራሱ ትንሽዬ ፕሮቲን ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ልጥፉ ኦክሲጅን ነው። የሰው ልጅ ፕሮቲን የሚሠሩ ጂኖች ወደ 20,000 ገደማ ናቸው፤ ልጥፎቹ ሲጨመሩ ግን የሚገኘው የፕሮቲን ዓይነት ከዚያ እጅግ ይልቃል።

ለምን አስፈለገ? ለፍጥነት። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሾፌር ድንገት ጉም ሲገጥመው ለጉም የሚሆን ሌላ መኪና ላኩልኝ ብሎ አዲስ አበባ አይደውልም። ማርሽ ይቀንሳል፣ መብራት ያበራል፣ ጡሩምባ ይነፋል። መኪናው ያው ነው። ሴልም አዲስ ፕሮቲን ከጂን ጀምሮ ልሥራ ቢል ከብዙ ደቂቃ እስከ ሰዓታት ይፈጅበታል። ያለውን ፕሮቲን በልጥፍ ማብራትና ማጥፋት ግን በሰከንድ ያልቃል።

ይህን መጀመሪያ አጥርተው ያሳዩት ኤድመንድ ፊሸርና ኤድዊን ክሬብስ ናቸው፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመ ስኳር አለ፣ ግላይኮጅን ይባላል። እሱን የሚፈታው ኢንዛይም ተኝቶ ይኖራል፤ አንዲት ፎስፌት ስትለጠፍበት ይነቃል። ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ አጥር ሥር ጅብ ብታዩና እግራችሁ ከእናንተ ቀድሞ ቢሮጥ፣ አድሬናሊን ያስተላለፈው መልእክት እየተቀባበለ መጥቶ በመጨረሻ ያረፈው እዚያች ፎስፌት ላይ ነው። ሁለቱ ሰዎች በ1992 ኖቤል ተሸለሙ። አሁን የምናውቃቸው ፎስፌት ለጣፊ ኢንዛይሞች፣ ኪኔዝ የሚባሉት፣ ሰው ውስጥ ከ500 በላይ ናቸው።

ማንም ሳያዝ የሚለጠፍም አለ። ስኳር ያለባቸው ዘመዶቻችሁ በየሦስት ወሩ የሚታዘዝላቸው ኤችቢኤ1ሲ የሚባል የደም ምርመራ እሱን ነው የሚቆጥረው። ደም ውስጥ የበዛ ግሉኮስ ያለ ኢንዛይም፣ በራሱ ጊዜ፣ ሄሞግሎቢን ላይ ይለጠፋል። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ስለሚኖር የተለጠፈው መጠን የሁለት ሦስት ወሩን ስኳር ይናገራል። 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር በሽታ ይባላል። ሰውየው ከምርመራው በፊት ሁለት ቀን ቢጾም አያታልለውም። ልጥፉ መዝግቦ ይዞታል።

አሁን ወደ ኦክሲዳንቱ።

ሴሎቻችን ኦክሲጅን ተጠቅመው ምግብ ሲያቃጥሉ ጥቂቱ ያመልጥና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይሆናል። አዎ፣ ፋርማሲ የሚሸጠው፣ ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ የሚያወጣው። ሴል ውስጥ ያለው ግን ከዚያ ከብልቃጡ ወደ መቶ ሚሊዮን ጊዜና ከዚያም በላይ የቀጠነ ነው። ሄልሙት ሲስ የሚባለው ጀርመናዊ ባዮኬሚስት በ1985 «ኦክሲዴቲቭ ስትረስ» የሚለውን ቃል ሲያስተዋውቅ ነገሩ የጉዳት ታሪክ ነበር፦ ኦክሲዳንት በዛ፣ መከላከያው አነሰ፣ ሴሉ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ግን እሱ ራሱም ሌሎችም ሌላ ገጽ አገኙ። በዚያች ቀጭን መጠኑ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መልእክተኛ ነው። የሚያደርሰው ደግሞ ሲስቴይን ላይ ነው፤ እዚያው ሰልፈር ላይ።

እንዴት እንደሚሠራ በገመድ ላስረዳ። ሰልፈሩ ላይ አንድ ኦክሲጅን ሲያርፍ ልቅ ቋጠሮ ነው፣ ጫፉን ስትስቡት ይፈታል። ግሉታታዮንና ታዮሬዶክሲን የሚባሉ የሴሉ ፈቺዎች መጥተው ይፈቱታል። ሁለት ሲያርፍበት ጠበቀ፤ ጥቂት ፕሮቲኖች ብቻ ናቸው ለዚህ ልዩ ፈቺ ያላቸው። ሦስት ሲሆን ገመዱ ራሱ ተቃጠለ በሉት። መልእክትና ጉዳት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱንም የሚያመጣው አንድ ሞለኪውል ነው፤ የሚለያቸው መጠኑና የሚቆይበት ጊዜ ነው።

በጣም የምወደው ምሳሌ ጋፕዲኤች የሚባለው ኢንዛይም ነው። ስኳር ወደ ጉልበት ሲለወጥ መሃል መንገድ ላይ የሚገኝ ሠራተኛ ነው። ሥራውን የሚሠራበት ቦታ ላይ አንዲት ሲስቴይን አለች፣ ኦክሲዳንት ሲነካት ወዲያው ሥራ ታቆማለች። ድሮ ይህ ተራ ጉዳት ይመስል ነበር፤ ምስኪን ኢንዛይም ተመታ ይባላል፣ በቃ። ግን ሸዋ ሮቢት የሽንኩርት ማሳ ውስጥ መስኖ የሚያጠጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ውሃው ወደ ጎን ማሳ እንዲሄድ ሲፈልግ ዋናውን ቦይ በአፈር ይደፍናል። ጭቃውን ሲጭን ብቻ ያየ ሰው ቦዩን እያበላሸ ነው ይላል። ውሃው ግን ጎን ለጎን ባለው ቦይ እየሄደ ነው።

ሴሉም እንደዚያ ነው። ጋፕዲኤች ሲደፈን ስኳሩ ከበላዩ ይጠራቀምና ወደ ጎን ቦይ ይሄዳል፤ ፔንቶዝ ፎስፌት መንገድ ይባላል። ይህ መንገድ ኤንኤዲፒኤች የሚባል ነገር ያመርታል። ቋጠሮ ሲፈታ የዋለውን ግሉታታዮን እንደገና ለሥራ የሚያበቃው እሱ ነው። እንግዲህ ኦክሲዳንቱ ራሱ፣ በገዛ እጁ፣ የራሱን ማጥፊያ የሚያመርተውን ቦይ ከፈተ። ጂን አልተጠራም፣ አዲስ ፕሮቲን አልተሠራም። አንዲት ሲስቴይን ተነካች፣ በሰከንዶች ውስጥ የስኳሩ አቅጣጫ ተቀየረ።

የጎን ቦዩ አፍ ላይ የቆመው በረኛ ጂ6ፒዲ ይባላል። እሱም ራሱ ልጥፍ አለው። አሴቲል የሚባለው ሲለጠፍበት ይሰንፋል፤ ኦክሲዳንት ሲመጣ ሰርቱዊን 2 የሚባል ሌላ ፕሮቲን ይመጣና አሴቲሉን ነቅሎለት ወደ ሥራ ያስገባዋል። ዋናው ቦይ ሲደፈን የጎኑ በር በደንብ ይከፈታል።

በረኛው ከተወለደ ጀምሮ ደካማ ቢሆንስ? እዚህ ላይ ባቄላ ይመጣል።

የኛ ደጋ ባቄላ አገር ነው። እሸቱ ደርሶ ገበያ ሲወጣ ማን ነው እየፈለፈለ የማይሄደው። ባቄላ ውስጥ ግን ቫይሲንና ኮንቫይሲን የሚባሉ ውህዶች አሉ፣ እሸቱ ላይ ይበዛሉ። ሆድ ውስጥ ሲፈቱ ኃይለኛ ኦክሲዳንት ይወጣቸዋል። ብዙዎቻችን ምንም አንሆንም፤ የጎን ቦዩ ይከፈታል፣ ኤንኤዲፒኤች ይመረታል፣ እኛም ሌላ እፍኝ እንጨምራለን። ጂ6ፒዲ የሚያንሰው ሰው ግን ቀይ የደም ሴሎቹ ይፈርሳሉ። ቀይ የደም ሴል ሚቶኮንድሪያም (የሴል ኃይል ማመንጫ) ኒውክሊየስም (የጂኖች ማኖሪያ) የለውም፣ ኤንኤዲፒኤች የሚያገኝበት ሌላ መንገድ የለውም፤ ያለው ያ ቦይ ብቻ ነው። በበላ በአንድ በሁለት ቀን ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ አቅሙ ይከዳዋል። በዓለም ላይ ይህ ጉድለት ያለባቸው ሰዎች ወደ 400 ሚሊዮን ይገመታሉ። ጂኑ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስላለ ወንዶች ላይ ይበዛል።

ጉድለቱ በብዛት የሚገኘው ወባ ባለበት ወይም በነበረበት አገር ነው፣ ከከባድ ወባ የተወሰነ ከለላ ስለሚሰጥ። ለዚህ ነው ወሬው ከደጋው ይልቅ ለቆላው የሚጠቅመው። ሸዋ ሮቢትና አካባቢው ወባ አለ። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ የተደበቀውን የሚነቅለው ፕሪማኪን የሚባል መድኃኒት ደግሞ ልክ እንደ ባቄላው ቀይ የደም ሴል ላይ ኦክሲዳንት ያመጣል። እና እሸት በልታችሁ ሽንታችሁ ኮካ የመሰለበት ጊዜ ካለ፣ ወይም ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ የሆነ ሰው ካለ፣ የወባ መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። ይህን ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ብትወስዱ በቂዬ ነው።

እስካሁን ያየነው የመጀመሪያውን ደቂቃ ነው። ጭሱ ቀኑን ሙሉ ከቀጠለ ሴሉ ማርሽ በመቀየር ብቻ አይዘልቅም፤ ጥበቃ መቅጠር አለበት። ያኔ ነው ጂን የሚጠራው። የሚጠራበት መንገድ ደግሞ እንደገና ልጥፍ ነው።

ነርፍ2 የሚባል ፕሮቲን አለ። የመከላከያ ጂኖች አዛዥ ነው፤ ከ200 በላይ ጂኖችን ያስነሳል። የሚገርመው፣ በሰላም ጊዜ ሴሉ ነርፍ2ን ሳያቋርጥ ይሠራዋል፣ ሳያቋርጥም ይገድለዋል። ዕድሜው 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ገዳዩ ኪፕ1 ይባላል፤ ነርፍ2ን አንቆ ይይዝና ዩቢኩቲን የሚባለውን ልጥፍ ያስለጥፍበታል። ዩቢኩቲን በሰንሰለት የተለጠፈበት ፕሮቲን ወደ መፍጫው ይሄዳል። የዩቢኩቲንን ነገር የፈቱት አሮን ቺቻኖቨር፣ አቭራም ሄርሽኮና ኧርዊን ሮዝ በ2004 ኖቤል ወስደዋል። ሠርቶ ወዲያው መግደል ብክነት ይመስላል። ግን አደጋ ሲመጣ አዛዥ ለማግኘት ግድያውን ማቆም ብቻ ይበቃል፤ ከዜሮ መጀመር የለም።

ግድያው እንዴት ይቆማል? ኪፕ1 ራሱ በሲስቴይን የተሞላ ነው። ከነሱ አንዷ፣ 151ኛዋ አሚኖ አሲድ፣ ስሟ የተነሳ ነው። ኦክሲዳንት ሲነካቸው፣ ወይም እንደ አክሮሊን ያለ የጭስ ሞለኪውል ሲለጠፍባቸው፣ ኪፕ1 እጁ ይላላል። ነርፍ2 ይጠራቀማል፣ ወደ ኒውክሊየስ ይገባል፣ ግሉታታዮን የሚሠሩትን ጂኖች ይቀሰቅሳል፣ ጂ6ፒዲንም ጭምር። የጎን ቦዩ ሰፋ ማለት ነው። ይህ በተለይ የጃፓኑ ተመራማሪ ማሳዩኪ ያማሞቶና ባልደረቦቹ ከ1990ዎቹ ጀምረው ያወጡት ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ስልጆው እንመለስ። የጎመን ዘመዶች የሚያመነጩት ተናካሽ ነገር ሁሉ፣ የብሮኮሊው ሰልፎራፌን በጣም የተጠናው ነው፣ የሰናፍጩም የዚያው ቤተሰብ ነው፣ ኪፕ1 ሲስቴይን ላይ ይለጠፋል። እነዚህ ምግቦች «አንቲኦክሲዳንት አላቸው» ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ሄደው ኦክሲዳንቱን ፊት ለፊት ገጥመው የሚያጠፉ ነው። ሰልፎራፌን የሚያደርገው ግን ሴሉን ማስደንገጥ ነው። ትንሽ ይነክሰዋል፣ ሴሉም ጦር መጣ ብሎ የራሱን መከላከያ ያወጣል። ቀበሌ ውስጥ አንድ ሰው «ሌባ!» ብሎ ሲጮህ ዱላ ይዞ የሚወጣው ሠፈሩ ነው፣ ጯሂው አይደለም።

(ነገ «ስልጆ ካንሰር ይከላከላል» ተብሎ ቲክቶክ ላይ እንዳላይ። ማስረጃው በአብዛኛው ከላብራቶሪ ሴልና ከአይጥ የመጣ ነው፣ ስልጆም መድኃኒት አይደለም፣ ምግብ ነው። ጥሩ ምግብ።)

ልጥፍ ለጭስና ለሰናፍጭ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር በላይ ናት፤ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክሲጅን ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲተያይ ከሩብ በላይ ያንሳል። ሴሉ ይህን የሚያውቀው ሂፍ በሚባል ፕሮቲን ነው። ኦክሲጅን ሲኖር አንድ ኢንዛይም ኦክሲጅኑን ራሱን ወስዶ ሂፍ ላይ ይለጥፈዋል፣ ከዚያ ዩቢኩቲን ይከተላል፣ ሂፍ በደቂቃዎች ይፈጫል። ኦክሲጅን ሲያጥር የሚለጠፍ ነገር የለም፤ ሂፍ ይተርፍና ሴሉ ስኳር የሚያቃጥልበትን መንገድ ይቀይራል፣ ሚቶኮንድሪያው ላይ ጫናውን ይቀንሳል። ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴሜንዛ በ2019 ኖቤል የተሸለሙት በዚህ ነው። ከቆላ መጥቶ የደብረ ብርሃንን ዳገት ሳያለከልክ የሚወጣ ካለ ቢያንስ ሂፉን ያመስግን።

እንግዲህ ብልቃጡ።

የአክስቴ ልጅ ያለውን ነገር ሳይንቲስቶችም ብለውት ነበር፣ ደግሞ በጣም አምነውበት። ቤታ ካሮቲን (ካሮት ውስጥ ያለው አንቲኦክሲዳንት) በደም ውስጥ የሚበዛላቸው ሰዎች የሳንባ ካንሰር ያንስባቸው ነበር። ስለዚህ ለአጫሾች ብንሰጣቸውስ ተባለ። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 ወንድ አጫሾች ተመዘገቡ። ውጤቱ በ1994 ወጣ። ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በዛ። በዛ! አሜሪካ ውስጥ ኬሬት የሚባል ሌላ ጥናት፣ አጫሾችና አስቤስቶስ የነካቸው ሠራተኞች ላይ ቤታ ካሮቲንን ከቫይታሚን ኤ ጋር አድርጎ ይሞክር ነበር፤ እዚያም የሳንባ ካንሰር በ28 በመቶ በልጦ ስለተገኘ በ1996 መጀመሪያ ላይ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። በኋላ ደግሞ ሴሌክት የሚባለው፣ ከ35,000 በላይ ወንዶች ያሉበት ጥናት ቫይታሚን ኢ የወሰዱት ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ በዝቶ አየ፤ 2011 ላይ ነው የታተመው።

አጫሽ ማለት እንግዲህ ሳንባው በየቀኑ ጭስ የሚገባበት ሰው ነው። ኩበት ጭስ ትምባሆ አይደለም፣ ልዩነት አላቸው። ግን «ጭስ ስለምተነፍስ አንቲኦክሲዳንት ልዋጥ» የሚለው ሐሳብ በትክክል የተፈተነበት ቦታ ቢኖር እዚያ ነው፣ የወደቀውም እዚያ ነው።

ለምን ወደቀ? አንድ ወጥ መልስ የለም፣ ግን ልጥፎቹን ላየ ሰው ጥቂት ነገር ይታያል። አንደኛው የስዊድን ተመራማሪዎች በ2014 ያሳዩት ነው። የሳንባ ዕጢ ያለባቸው አይጦች አንቲኦክሲዳንት ሲሰጣቸው ዕጢው ፈጠነ። ዕጢ ሴልም ሴል ነው፤ ኦክሲዳንት እሱንም ያስጨንቀዋል፣ «አቁም» የሚል መልእክት ይሰጠዋል። ጭንቀቱን ስታቀሉለት የሚሮጠው እሱ ነው። እንዲያውም ከሳንባ ካንሰሮች ቀላል የማይባሉት ኪፕ1ን በሚውቴሽን (በጂን ለውጥ) ሰብረው ይገኛሉ። ነርፍ2 ሁሌ በርቶ ይቀራል፣ የጎን ቦዩ ሁሌ ክፍት ነው፣ ካንሰሩ በሴሉ የራሱ ጋሻ ይኖራል። ሲበዛ ማር ይመራል ያሉት ለዚህ ይሆን እንዴ?

ሌላው የስፖርቱ ነው። 2009 ላይ ከጀርመን የወጣ ጥናት ወጣት ወንዶችን ለአራት ሳምንት ስፖርት አሠራ። ግማሾቹ በቀን 1,000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲና 400 አይዩ (የቫይታሚን መለኪያ ነው) ቫይታሚን ኢ ወሰዱ። ስፖርት ሰውነት ኢንሱሊንን በደንብ እንዲሰማ ያደርጋል፤ ቫይታሚኑን ያልወሰዱት ላይ ይህ ታየ። የወሰዱት ላይ ጠፋ። ጡንቻ ሲሠራ የሚያወጣው ኦክሲዳንት «ሥራ በዝቷል፣ አቅም ጨምሩ» የሚለው መልእክት ነበር፤ እንክብሉ መልእክቱን መንገድ ላይ ያዘው። ጠዋት ጠዋት በዚያ ውርጭ አስፋልት ዳር የሚሮጡትን ልጆች ሳይ ይህ ጥናት ነው ትዝ የሚለኝ። ላባቸውን አፍስሰው ያገኙትን፣ ገንዘብ ጨምረው የሚያጠፉ እንዳይኖሩ እሰጋለሁ።

ይህ ሁሉ ቫይታሚን አያስፈልግም ማለት አይደለም። ለሕፃናት በዘመቻ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ለእጥረት ነው፣ ሌላ ጉዳይ ነው፣ አታስቀሩት። ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው ሆስፒታል ሲደርስ የሚሰጠው ኤን-አሴቲልሲስቴይንም ግሉታታዮን እንዲተካ የሚያደርግ ነው፣ ሕይወት ያድናል። እሱ ግን ልኩና ሰዓቱ የታወቀ የሐኪም ሥራ ነው። ጤነኛ ሰው፣ ያለ ልክ፣ በቴሌግራም አዝዞ፣ የሴሉን ወሬ በሙሉ ጸጥ ላድርግ ሲል ነው ችግሩ።

ጭሱስ ታዲያ? ጭሱ ቀልድ አይደለም። ሴል በትንሽ በትንሹ የሚነካውን ይመልሳል፤ ማድቤት ውስጥ ግን በየቀኑ ነው፣ በየዓመቱ ነው፣ ሕፃን በጀርባ አዝሎ ነው። ልቅ ቋጠሮ የነበረው ይጠብቃል፣ ገመድ ይቃጠላል፣ የማይነቀሉ ልጥፎች ይጠራቀማሉ፣ ሳንባው ቀስ እያለ መንፋት ያቅተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ብቻ የቤት ውስጥ ጭስ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ ይገምታል። ደጋው ላይ እንጨት ሲጠፋ ኩበት ምን እናድርግ ብሎ የመጣ ነው፤ ሴቶቹን ጭስ ወዳችሁ ነው የሚላቸው ካለ እሱ አንድ ሳምንት ገብቶ ይጋግር።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ ነገርኩት፣ ከዚህ አጠር አድርጌ። «እሺ፣ እና ምን ላድርግ?» አለኝ። የብልቃጡን የሁለት ወር ዋጋ አሰብን። ቅዳሜ ቆርቆሮ ገዝተን ማድቤቱ ጣሪያ ላይ ጭስ ማውጫ አቆምን፣ ከምድጃው ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳም በስተን መስኮት አወጣንለት። ቱቦውን መጀመሪያ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ስላዞርነው ጭሱ ሁሉ ተመልሶ ወደ ውስጥ ገባ፤ አክስቴ እየሳለች ወጥታ «እናንተ ናችሁ ያዳናችሁኝ?» አለችን። ሰኞ አዞርነው።

እንክብሎቹን ልጁ አልጨረሳቸውም። ብልቃጡን ግን በፋሲካ ስመለስ አየሁት። አክስቴ አጥባ የሰናፍጭ ዱቄት አድርጋበታለች፣ «አንቲኦክሲዳንት» የሚለው ጽሑፍ ላዩ ላይ እንዳለ ነው።